የካርቱን ፊልም ለሕፃናት የሚስማማ መሆኑን ስለ መመርመር

በጌዶና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ሕፃናት ተረት የሚሰሙት ከጥንት ጀምሮ ማታ በእሳት ዳር ነው። ከብቱ ገብቶ እራት ከተበላ በኋላ ልጆቹ በአፋን ኦሮሞ «አኮ» ብለው የሚጠሯት አያታቸው ስለ ጅብና ስለ አህያ፥ ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ ታወራለች፤ እነርሱም እየተጠጉ ያዳምጣሉ። ጅቡ በሌሊት መጣ ባለች ጊዜ ድምፅዋን ታወፍራለች። ነገር ግን ከልጆቹ ታናሹ ዓይኑን አፍጥጦ የቀሚሷን ጫፍ እንደ ያዘ ባየች ጊዜ ጅቡን ወዲያው ከጕድጓድ ትጥለዋለች፤ ወይም በአህያ እርግጫ ጥርሱን ታስወልቀዋለች፤ ልጁም ይሥቃል። ታላቅየው ደግሞ ተረቱ ቀሎበት ፊቱን ያዞረ እንደ ሆነ ለርሱ የሚያሳስብ ሌላ ነገር ትጨምርለታለች። እንዲህ እየሆነ ተረቱ በየምሽቱ በሚሰሙት ልጆች ፊት እየተለካ ይነገራል።

ፊልም ግን የልጅን ፊት አያይም። ልጅ ቢሥቅም ቢያለቅስም፥ ቢገባውም ባይገባውም እንደ ተሠራው ይሄዳል፤ በውስጡም ያለው ጅብ ስለ አንድ ሕፃን ብሎ ድምፁን አይቀንስም። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ባሉት ከተሞች በብዙ ቤት ቴሌቪዥንና ዲሽ፥ በብዙ ሰውም ኪስ ፊልም የሚያሳይ ስልክ ስለ ተገኘ፥ ከአያቱ አፍ ከሚሰማው ይልቅ በመስተዋት ላይ የሚያየው ተረት የሚበዛበት ሕፃን ዛሬ ጥቂት አይደለም። አስተማሪም የዓመቱን ትምህርት መዝጊያ ወይም አንድ የዝናብ ቀን ምክንያት አድርጎ ለትንንሾቹ ክፍል ፊልም ለማሳየት የሚያስብበት ጊዜ አለ። ይህን ባሰበ ጊዜ የአያቲቱ ሥራ በርሱ ላይ ይወድቃል፤ ይኸውም ፊልሙ ሊያየው የማይችለውን የልጅ ፊት በፊልሙ ፈንታ ሆኖ ማየት ነው። ሥራውም ልጆቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ይጀመራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ከመነሻው ነው፤ የተሣለ ነገር ሁሉ የልጅ ነገር ይመስለዋል። ካርቱን ወይም አኒሜሽን የሚባለው ግን የአሠራር ስም ነው እንጂ የተመልካች ዕድሜ ምልክት አይደለም። እያንዳንዱ ሥዕል ካለፈው ጥቂት ጥቂት ተለይቶ ይሣላል፤ በአንዲት ሰከንድ 24 ምስል እየሆነ ባለፈ ጊዜም ዓይን ለይቶ ማየት ስለማይችል ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። አሜሪካዊው ዋልት ዲስኒ በ1937 ያወጣው «ስኖው ዋይት» የተባለው ፊልም በሰው እጅ የተሣለ ነበረ (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ» ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረዥም ፊልም ነው። በእጅም ቢሣል በኮምፒዩተርም ቢሠራ፥ በዚሁ ጥበብ የጦርነት ታሪክም፥ የሚያሸብር ታሪክም፥ ለትልቅ ሰው ብቻ የሚሆን ቀልድም ይሠራበታል።

ለልጆችና ለቤተ ሰብ ተብለው የተሠሩትም ቢሆኑ ከሞት የራቁ አይደሉም። የካናዳና የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ከ1937 እስከ 2013 ከወጡት የታወቁ የልጆች ካርቱኖች 45 መርጠው ለትልልቅ ሰዎች ከተሠሩት 90 ድራማዎች ጋር አስተያዩአቸው። ውጤቱንም በ2014 «ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት አወጡ። ከካርቱኖቹ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህሉ በታሪኩ ውስጥ ታላቅ ስፍራ ያለው ሰው ወይም እንስሳ ሲሞት የሚያሳዩ ሆነው ተገኙ፤ ከትልልቆቹ ፊልሞች ግን እንዲህ ያለውን የሚያሳየው እኩሌታው ያህል ብቻ ነው። ይልቁንም በካርቱን ውስጥ የዋናው ባለ ታሪክ አባት ወይም እናት መሞት እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ «ካርቱን ነው» ማለት ምንም እንዳልተመረመረ ይቈጠራል።

በውጭ አገር ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት እየመረመሩ በየዕድሜው ምልክት የሚሰጡ ማኅበሮች አሉ። በእንግሊዝ አገር ይህ ሥራ የተጀመረው በ1912 ሲሆን አሜሪካ ዛሬ የሚሠራበትን ሥርዓት የጀመረችው በ1968 ነው። ምልክቱ ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ሊታመን አይገባም። «ስኖው ዋይት» በ1938 እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ ጠንቋይቱና የጨለማው ዱር ሕፃናትን ያስፈራሉ ተብሎ ልጅ ያለ አሳዳጊው ብቻውን ገብቶ እንዳያየው የሚከለክል ምልክት ተሰጠው፤ ዛሬ ግን ያው ፊልም በዚያው አገር ለሁሉ የሚሆን ተብሎ ይታያል። ፊልሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የመርማሪዎቹ ሐሳብ ነው። ከዚህም በላይ እነዚህ መርማሪዎች ምልክቱን የሚሰጡት የአገራቸውን ልጆች አስበው ነው፤ የጌዶ ሕፃን ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚፈራ ሊያስቡ አይችሉም። ያን የሚያውቁት በጌዶ ያሉት አስተማሪዎችና ሽማግሎች ናቸው።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ዛሬ እንዲህ የሚል ሽማግሌ አይገኝም፤ እንዲያውም ስሕተቱ ወደ ሌላው ወገን ዞሯል። ልጁ ስልክ ተሰጥቶት ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ ደኅና ነው ይባላል። ጸጥታ ግን ሁለት ዐይነት ነው፤ ደስ ያለው ልጅም ጸጥ ይላል፥ የደነገጠ ልጅም ጸጥ ይላል። የደነገጠው ልጅ ከንፈሩ ይደርቃል፤ ትከሻውን ይሰበስባል፤ ሥዕሉን ትቶ የሰውን ፊት ያያል። ይህን የሚለይ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሕፃን የሚፈራው ነገር ትልቅ ሰው ከሚፈራው የተለየ መሆኑን መርማሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሲንቲያ ሆፍነርና ጆአን ካንተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያት ተመራማሪዎች በ1985 ባወጡት ጥናት ስለ አንዲት አሮጊት የሚናገር አጭር ፊልም በአራት ዐይነት አሠርተው ለልጆች አሳዩ፤ አሮጊቲቱ በአንዱ መልከ መልካምና ደግ፥ በአንዱ መልከ መልካምና ክፉ፥ በሌላው መልከ ጥፉና ደግ፥ በመጨረሻውም መልከ ጥፉና ክፉ ነበረች። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ልጆች የፈረዱት ይልቁን በመልኳ ነው፤ ደግ ስትሠራ እያዩአት እንኳ መልኳ ካላማረ ክፉ ናት አሉ። ዘጠኝና አሥር ዓመት የሆኑት ግን በሥራዋ ፈረዱ። እንግዲህ ለአራት ዓመት ልጅ የሚያስፈራው የክፉው ሰው ሐሳብ ሳይሆን ጥርሱ፥ ጥፍሩና ዓይኑ ነው። ትልቅ ሰው የሚሥቅበት ጥርሳም ጭራቅ ሕፃኑን እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ትልቁን የሚያሳዝን የክሕደት ንግግር ግን በሕፃኑ ጆሮ እንደ ነፋስ ያልፋል።

ከዚህ የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ከፍርሃት ይልቅ ከባድ ነው። ብዙ ካርቱን ክፉውን ሰው መልከ ጥፉ፥ ጠባሳም፥ አንካሳ ወይም አንድ ዓይና አድርጎ ይሥላል። መልክን እንጂ ሥራን ገና መለየት ያልቻለ ሕፃን ይህን ደጋግሞ ሲያይ ምን ይማራል? በገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ በሕፃንነቱ ከምድጃ ወድቆ ፊቱን እሳት የበላው ልጅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ በዕረፍት ጊዜ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አስተማሪው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ የሚሆነው በ1994 የወጣው «ላየን ኪንግ»፥ ማለት ንጉሡ አንበሳ፥ የተባለው ፊልም ነው። 88 ደቂቃ ይፈጃል። በአሜሪካ ለዕድሜው ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ሥዕሉም ዘፈኑም እጅግ ያማረ ስለ ሆነ በዓለም ሁሉ ተወዷል። ታሪኩ ሲምባ ስለሚባል የአንበሳ ደቦል ነው። አጎቱ መንግሥቱን ፈልጎ፥ በገደል መካከል እንስሳት ደንብረው እንዲሮጡ ያደርጋል፤ ደቦሉን ሊያድን የገባውንም ወንድሙን፥ ንጉሡን ሙፋሳን፥ ከገደሉ ገፍቶ ይጥለዋል። ሲምባም የአባቱን ሬሳ አግኝቶ ሊቀሰቅሰው ይሞክራል፤ ቢያቅተው ከክንዱ ሥር ገብቶ ይተኛል። አጎቱ መጥቶ አባቱ የሞተው በርሱ ምክንያት እንደ ሆነ ይነግረዋል፤ ሸሽቶም እንዳይመለስ ያዘዋል፤ ጅቦችም እንዲገድሉት ይልክበታል። የዚህ አጎት ስም በእንግሊዝኛ «ስካር» ነው፤ ትርጓሜውም ጠባሳ ማለት ነው፤ በዓይኑም ላይ ጠባሳ አለበት።

የጌዶ ልጅ ይህን ፊልም እንደ ኒው ዮርክ ልጅ አያየውም። ለኒው ዮርክ ልጅ ጅብ የሥዕል አውሬ ነው፤ ለጌዶ ልጅ ግን ሌሊት ከቤቱ ጀርባ የሚጮኽ፥ ጥጃና አህያ የሚበላ ነው። ደንብሮ የሚሮጥ መንጋም ከብት ለሚጠብቅ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቢወድቅ ምን እንደሚያገኘው አባቱ ነግሮታል። በሌላ ወገን ደግሞ የገጠር ልጅ በግ ሲታረድ፥ ላም ስትሞት ያየ ስለ ሆነ የከተማውን ልጅ የሚያስደነግጠው ደም እርሱን ላያስደነግጠው ይችላል። ስለዚህ ከፍርሃቱ አንዳንዱ ይጨምራል፥ አንዳንዱ ይቀንሳል፤ የሌላ አገር ፍርድም ለዚህ ስፍራ በልኩ አይሆንም።

ነገር ግን በዚህ ፊልም ውስጥ ከጅቡም ከመንጋውም ይልቅ የሚከብደው «አባትህ የሞተው ባንተ ምክንያት ነው» የሚለው ነገር ነው። ትንሽ ልጅ በቤቱ ክፉ ነገር ሲደርስ ባሰበው ወይም ባደረገው ጥፋት የመጣ ሊመስለው ይችላል። በክፍሉ አባቱ ወይም እናቱ የሞተችበት ልጅ ካለ ይህ ነገር በተኛው ሐዘን ላይ ይወድቃል። እውነት ነው፥ ፊልሙ ራሱ በመጨረሻ ሐሰቱን ይገልጠዋል፤ ስካር የገደለው እርሱ እንደ ሆነ በገዛ አፉ ይናገራል፤ ሲምባም ከጥፋተኝነት ነጻ ይወጣል። ስለዚህም ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ መልካም ፊልም ነው፤ ሐዘንተኛውንም ልጅ ሊያጽናና ይችላል። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ግን በመካከሉ ያለውን ረዥም ጊዜ ታግሦ ቍስሉንና መድኃኒቱን ማገናኘት ይቸግረዋል። ይባስ ብሎ ፊልሙ ረዝሟል ተብሎ ከሙፋሳ ሞት በኋላ ተቋርጦ የቀረው ለነገ ቢቀጠር፥ ወይም መብራት ቢጠፋ፥ ሕፃኑ ቍስሉን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መብራት የሚጠፋበት ከተማ አስተማሪ ይህን መዘንጋት የለበትም፤ ፊልም የሚቋረጥ ከሆነ ሊቋረጥ የሚገባው ልጆቹ ከሣቁበት ስፍራ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት «ላየን ኪንግ» ለሕፃናቱ ክፍል አይሆንም፤ ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል ቢቆይ ይሻላል።

በ2003 የወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለው ፊልም ደግሞ ሌላ ዐይነት ፍርድ የሚጠይቅ ነው። ኒሞ በባሕር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው፤ አንዱ ክንፉ ከሌላው ያነሰ ስለ ሆነ አባቱ አጥብቆ ይሳሳለታል። ሰዎች ባጠመዱት ጊዜ አባቱ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ ይፈልገዋል። ከላይ ስለ ጠባሳ የተነገረውን የሚያስብ አስተማሪ በዚህ ፊልም ደስ ሊለው ይገባል፤ የአካል ጕድለት ያለበት ዋናው ባለ ታሪክ ነውና። ችግሩ በመነሻው ነው። ፊልሙ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፥ ልጆቹ ገና ተደላድለው ሳይቀመጡ፥ አንድ ጥርሳም ትልቅ ዓሣ መጥቶ እናቲቱንና ከአንዱ በቀር ዕንቍላሎቿን ሁሉ ይበላል። ይህ ብቻ ተዘሎ ፊልሙ ኒሞ ወደ ትምህርት ቤት ከሚሄድበት ቀን ቢጀመር፥ አስተማሪውም «የኒሞ እናት ሞታለች፤ የሚያሳድገው አባቱ ነው» ብሎ በቃሉ ቢናገር፥ ከታሪኩ የሚጐድል ነገር የለም። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ ግን ባሕር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ያስፈልጋል፤ የጉደርን ወንዝ የሚያውቅ ልጅ ወዲያና ወዲህ ዳር የሌለው ውኃ ነው ቢባል በሐሳቡ ሊደርስበት ይችላል።

ሽማግሎችን በብዙ የሚያከራክረው በ1998 ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ ያወጣው «ኪሪኩና ጠንቋይቱ» የተባለው ፊልም ሳይሆን አይቀርም። ታሪኩ የምዕራብ አፍሪካ መንደር ተረት ነው። ኪሪኩ የሚባል እጅግ ትንሽ ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ሳለ ይናገራል፤ በራሱ ኀይል ይወለዳል፤ ምንጩን ያደረቀችውንም ጠንቋይቱን ካራባን ለመግጠም ይሄዳል። ሕፃኑ በፊልሙ ሁሉ ራቍቱን ነው፤ ሴቶቹም ከወገባቸው በላይ አልለበሱም፤ በዚህም ምክንያት በአንዳንድ አገር ፊልሙን ለማሳየት ችግር ሆኖ ነበረ። በጌዶም ወላጆች ልጃቸው ነግሯቸው ከሚሰሙ ይልቅ አስቀድመው ቢጠየቁ ይሻላል። ሕፃናቱ ግን በወንዝ አብረው የሚታጠቡ ስለ ሆኑ በራቍትነቱ የሚደነግጡበት ምክንያት የለም፤ በፊልሙም ውስጥ ነውር ተደርጎ አልታየም።

ይህ ፊልም ሊታይ የሚገባው ስለ ሌላ ነገር ነው። ኪሪኩ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ «ካራባ ስለ ምን ክፉ ሆነች?» እያለ ይጠይቃል፤ የሚመልስለትም ያጣል። በመጨረሻ አያቱ ዘንድ በደረሰ ጊዜ በጀርባዋ መርዛም እሾኽ እንደ ተሰካባትና ሌሊትና ቀን እንደምትሠቃይ ይነግረዋል። ኪሪኩም ሄዶ እሾኹን በጥርሱ ይነቅልላታል፤ ክፋቷም በዚያው ይቀራል። ክፉውን ገድሎ ከሚጨርስ ፊልም ይልቅ ይህ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ብዙ ንግግር ያስነሣል። ሆኖም ካራባ ባለ ግርማና የምታስፈራ ስለ ሆነች ሰባት ዓመት ላልሞላው አይመከርም፤ ንግግሩም በፈረንሳይኛ የተሠራ ስለ ሆነ አስተርጓሚ ይፈልጋል።

የቋንቋ ነገር እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። በኦሮሚያ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ፊልም ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ የሚደርሰው ሥዕልና ድምፅ ብቻ ነው፤ የሚያጽናናው ቃል ሁሉ ያመልጠዋል። እናት «አይዞህ» ስትል ባይሰማ፥ ጅቡ ሲጮኽ ግን ይሰማል። ይህ ጕዳት መስሎ ይታያል፤ አስተማሪው ከጎን ቆሞ በልጆቹ ቋንቋ የሚተረጕም ከሆነ ግን ወደ ጥቅም ይለወጣል፤ ተራኪው ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነውና። የሚያስፈራውን ባጭሩ ያልፈዋል፤ የሚያስቀውን ያረዝመዋል፤ ታናሹ ልጅ ሲሰበሰብ ባየ ጊዜም «አሁን ይወጣል፥ አያገኘውም» ብሎ ቀድሞ ይነግረዋል። አያቲቱ በእሳት ዳር የምታደርገው ይህንኑ ነው።

በአገራችን ይህን መንገድ የያዙ ሥራዎች አሉ። አባባ ተስፋዬ ተብለው የሚታወቁት፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል፤ የተዋናይነት ጥበባቸውን ሁሉ ለዚያ አውለው እንስሳውን በፊታቸውና በድምፃቸው ይሠሩት ነበረ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት አወጣች። ፀሐይ የአሻንጉሊት ቀጭኔ ናት፤ እየጠየቀች ትማራለች፤ ስለ ንጽሕና፥ ስለ ንባብና ስለ ጤና ትናገራለች። ይህ ሥራ በ2008 በዓለም ለሚሠሩ የትምህርት ዝግጅቶች የሚሰጠውን የጃፓን ሽልማት አግኝቷል። በውስጡ ያሉት ቤትና ልብስ፥ ሰላምታና ምግብ የአገር ስለ ሆኑ ሕፃኑ ታሪኩን ለመከተል ባዕድ ነገር መፍታት አያስፈልገውም፤ አጭርም ስለ ሆነ ሳይሰለች ያልቃል። ለሕፃናት ክፍል ፊልም ማሳየት የሚጀምር አስተማሪ እንዲህ ባለው ቢጀምር ይቀለዋል።

ማጠርና መርዘም ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከነጭራሹ ምስል ፊት እንዳይቀመጥ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳያይ መክሯል። እንግዲህ ከላይ የተነገሩት ረዣዥም ፊልሞች እያንዳንዳቸው ከአራት ዓመት ልጅ የቀን ድርሻ ያለፉ ናቸው። ፍጥነቱም ይታያል። በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 60 የአራት ዓመት ልጆች ተከፍለው፥ አንዳንዶቹ ሥዕሉ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ካርቱን፥ አንዳንዶቹ ዝግ ያለ ትምህርታዊ ፊልም፥ የቀሩትም ሥዕል መሣል ለ9 ደቂቃ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሐሳብን መሰብሰብና መታገሥ በሚጠይቅ ሥራ ሲፈተኑ ፈጣኑን ካርቱን ያዩት ከሌሎቹ አንሰው ተገኙ።

ስለ ብርሃን አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። በ1997 በታኅሣሥ ወር በጃፓን «ፖኬሞን» የተባለው ካርቱን በቴሌቪዥን ሲታይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን እየተፈራረቀ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ባለበት ስፍራ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች፥ አብዛኛዎቹ ልጆች፥ ታመው ወደ ሐኪም ቤት ተወስደዋል፤ አንዳንዶቹም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ አግኝቷቸዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ በክፍሉ ካለ አስተማሪው ከወላጆቹ ጋር ሳይነጋገር ፊልም ሊያሳይ አይገባውም። ለሌሎቹም ቢሆን ቤቱን አጨልሞ ማሳየት ክፉ ልማድ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቶ፥ ልጆቹ ከምስሉ ራቅ ብለው፥ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ቢቀመጡ ብልጭታውም ፍርሃቱም ይቀንሳል።

መርማሪው ፊልሙን ለልጆች ከማሳየቱ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻውን ያያል፤ ጓደኛዬ ነገረኝ ማለት አይበቃም። ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ብቻ ይሰማል፤ ሕፃን ሲፈራ ዓይኑን ይሸፍናል እንጂ ጆሮውን መዝጋት አያስታውስምና። በ1942 በወጣው «ባምቢ» በተባለው ፊልም የአጋዘኗ ግልገል እናት ስትሞት አትታይም፤ የሚሰማው የጥይቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ ይህን ፊልም በሕፃንነታቸው ያዩ ብዙ ሰዎች ግን አርጅተውም ያን ድምፅ አልረሱትም። የሚያስፈሩት ስፍራዎች በስንተኛው ደቂቃ እንደ ሆኑ በወረቀት ላይ ይጻፋሉ፤ በኋላ ለማለፍም ለመቀነስም የሚያገለግለው ይህ ወረቀት ነው። ከዚያም ፊልሙ ለሁለት ወይም ለሦስት ወላጆችና ሽማግሎች ይታያል። አስተማሪው የማያውቀውን እነርሱ ያውቃሉ፤ የማን ልጅ በቅርቡ እናቱን እንዳጣች፥ በየትኛው ቤት እሳት እንደ ደረሰ፥ የትኛው ልጅ ሌሊት እየጮኸ እንደሚነሣ። ሽማግሎቹ ይቅር ያሉት እንደ ሆነም ምክንያታቸው ይጠየቃል፤ አንዳንድ ጊዜ የሚቀረው አንድ ስፍራ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ይህ ሁሉ ከተደረገም በኋላ የሚያለቅስ ልጅ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ፈሪ ብሎ መሣቅ፥ ወይም ወንድ ልጅ አያለቅስም ማለት፥ ወይም «ውሸት ነው፥ ሥዕል ነው» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም። ጆአን ካንተር በመረመረችው መሠረት ትንንሾቹን የሚያረጋጋው ማስረዳት ሳይሆን የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ማቀፍ፥ የሚጠጣ መስጠት፥ ከሚያውቀው ሰው አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ ማስረዳት የሚሠራው ለትልልቆቹ ነው። ወላጆችም ልጃቸው በዚያ ቀን ምን እንዳየ ሊነገራቸው ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሌሊት ሲነሣ ምክንያቱን አያውቁትም። በማግሥቱም አስተማሪው ለልጁ ጠመኔ ሰጥቶ ያስፈራውን አውሬ በሰሌዳው ላይ እንዲሥለው ይጠይቀው፤ ሥሎ ሲጨርስ መጥረጊያውንም ለርሱ ይስጠው።